የእጅ ውሰት

ማስታወቂያው አጭር፣ ደንቡ ግን ግልጽ ነበር፦
«ለዓይነ ስውር ተማሪ እጁን የሚያበድር
ከተፈታኟ በታች የተማረ ይሁን።»
እኔ ደግሞ ቻቱ ነኝ፣ ያልጨረስሁ አሥረኛን።

ሠላሳ ሁለት ዓመት ኮዢኮድ ጣቢያ ላይ
ቲኬት ስቆርጥ ኖሬ፣ በፍርግርግ ሰው ሳይ፣
አንድ መንገደኛ እንኳ «አለማወቅህን
አውሰኝ» ብሎኝ አያውቅ። ደረሰ ያም ቀን።

ሌሎቹ በአዳራሽ፤ እኛ ግን ለብቻ
የተሰባበረ ወንበር ማከማቻ።
ሰኔ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮ ይመታል፣
ማራገቢያው አንዴ ዞሮ አንዴ ይሟገታል።

ሻሀርባን ትባላለች፤ ታሪክ ነው የምታጠና፣
ጣቶቿን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሰለፈችና
«ቻቱ ኤታ» አለችኝ (በእኛ አገር ‹ጋሼ› ነው)፣
«ያልኩትን ብቻ ይጻፉ፤ ሌላው የእኔ ጣጣ ነው።»

መጽሐፉ በድምፅ የደረሳት ባለፈው ሳምንት ነው፤
ሰባት ምዕራፍ ካለው ሦስቱ ነው የተነበበው።
የቀሩትን አራቱን ሪንሲ፣ የዶርም ጓደኛዋ፣
መብራት ሲጠፋ በባትሪ፣ እስኪዘጋ ጉሮሮዋ።
ይህን የነገረችኝ ስሞታ ልታሰማ አይደለም፤
ደወሉ እስኪደወል ነው። ሌላ ወሬ አልነበረም።

ጀመረች። ጻፍሁ። ስለ ወደቡ፣ ስለ ቁንዶ በርበሬ፣
ስለ መርከበኛው ዕዳ፣ ስለ ነጋዴው ወሬ፤
እጄ እየሮጠ ሳለ ጆሮዬ ቆሞ ይሰማል፤
ለካ የኖርሁበት ሰፈር ይህን ሁሉ ተሸክሟል!

አምስተኛው ጥያቄ መጣ። ስለ ባቡር ሐዲድ።
እዚህ ላይስ እኔ ሊቅ! እዚህ ላይ ማን ሊፈርድ?
ዓመቱን ስትነግረኝ ሳተችው፣ በስድስት ዓመት።
ከመሠረት ድንጋዩ ሥር ነው ምሳ ስበላ የኖርሁት፣
ቁጥሩ ዓይኔ ላይ ተቀርጿል። አዘንሁላት። በዝግታ
አንዷን ሰባት አደረግኋት፣ ለልጅቱ ስጦታ።

ዝም አለች። ዝናቡ ብቻ።
ከዚያ ፊቷን ወደ ወረቀቱ ሳይሆን ወደ እጄ አዞረች።

«ቻቱ ኤታ፣ አንድ ነበር ያልኩት።
አንድ ሲጻፍ ብዕር ወርዶ ያርፋል።
እርስዎ ግን መጀመሪያ ወደ ጎን ሄዱ፤ ሰማሁት።»

«ልጄ፣ እሱ እኮ ስህተት...» ብል፣
«ይሆናል። ስህተቴን ይመልሱልኝ» አለች እንደ ዋዛ፣
«እጅ ነው የተዋስኩት፤ ጭንቅላት ከሰው አልገዛ።»

ሰረዝሁት። ሰባቷን አንድ አደረግኋት መልሼ፣
በደረቀ ጉሮሮ፣ ላቤን በክንዴ አብሼ።
የራሴን ዋሽቼ አውቃለሁ፣ ለተቆጣጣሪ፣ ለሚስት፤
የሰው ስህተት በታማኝነት ስጽፍ ግን
ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

ውጤት ወጣ። በዚያች አንድ ሁለት ነጥብ ቀነሱባት።
ደውላ ስትነግረኝ ሳቅ ነበር ድምፅዋ ያለባት፦
«ራሴ ነኝ የጣልኋቸው፤ ማንም አልጣለልኝ።»
ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ቆሜ ቀረሁ። ምን እንደሆንሁ እኔ እንጃ።

አሁን ስድስተኛ ፈተናችን ነው።
ትናንት ቢሮ ተጠራሁ። ፕሪያምቫዳ አዲስ ቅጽ ዘርግታ፣
«የትምህርት ደረጃዎ?» ትለኛለች፣ መነጽሯን ከፍ አድርጋ።
እኔ ደግሞ ከሪንሲ ጋር ተራ ተካፍዬ
አራተኛውን ምዕራፍ ማታ ማታ በስልክ የማነብላት፣
አውቶቡስ ላይ ስለ ወደቡ ግብር ከማላውቀው ሰው የምከራከር፣
መርከበኛው ዕዳውን ይክፈል አይክፈል
እንቅልፍ የሚነሳኝ ሰውዬ፣
ይህን ቢያውቁብኝ ከሥራ ይቀንሱኝ ይሆን?

ቀና ብዬ አላየኋትም።
«አሥረኛ» አልሁ። «ያልተጨረሰ።»

ጻፈችው።
አንዱ ወርዶ አረፈ፤ ዜሮው ዞረ።
ሰማሁት።